በዲቪ ለመጣ ቤተሰብ፦ ፉድ ስታምፕንና ዊክን አጣምሮ የአስቤዛ ወጪ መቀነስ

በዲቪ አሜሪካ የገባ ሰው «አምስት ዓመት ሳይሞላህ ፉድ ስታምፕ (መንግሥት ለምግብ መግዣ በካርድ የሚሰጠው ድጋፍ) የለም» ሲባል ይሰማና ጉዳዩን ይተወዋል። አባባሉ ለአዋቂ በአብዛኛው እውነት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግን አምስት ዓመት መጠበቅ የለበትም፤ እዚህ የተወለደማ ዜጋ ነው። ስለዚህ ለልጆቻችሁ አመልክቱ። እናንተ በቤተሰብ ቁጥር ባትገቡም ገቢያችሁ በስሌቱ ይገባል። በስደተኛነት (ሬፊውጂ) የመጡና ጥገኝነት (አሳይለም) ያገኙ ሰዎች ግን በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ግሪን ካርድ እስኪይዙ አያገኙም።

ወረቀት እስኪሟላ አትጠብቁ። የስቴታችሁ የፉድ ስታምፕ ቢሮ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ብቻ ያለበት ማመልከቻ ይቀበላል፤ ከተፈቀደላችሁም ክፍያው የሚታሰበው ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ፣ እጅግ ለተቸገረ ደግሞ በ7 ቀን መምጣት አለበት። ቃለ መጠይቁ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው። የማታውቁት ቁጥር ሲደውል አንሱ፤ ቀጠሮው ካመለጣችሁ ቶሎ ደውላችሁ ሌላ ጠይቁ፣ ዝም ካላችሁ ማመልከቻው ይዘጋል። የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣል፣ ልጃችሁን አታስተርጉሙት።

ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያጣው ወጪውን ባለመናገሩ ነው። የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ለሥራ ሲባል የሚከፈል የልጅ ማቆያ ሁሉ ስሌቱ ውስጥ ስለሚገባ ደረሰኙን አያይዙ። ኡበር የምትነዱ ደግሞ አፑ ላይ የሚታየውን ጠቅላላ ገቢ ብቻ አትስጡ፤ የነዳጅና የጥገና ወጪ የሚቀነስበትን መንገድ ስቴታችሁን ጠይቁ።

ዊክ፣ ማለትም ለእናቶችና ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። እርጉዝ፣ ከወለደች ስድስት ወር ያልሞላት፣ እስከ አንድ ዓመት የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይገባቸዋል። ልጁ ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ካለው የገቢ ጥያቄው በዚያው ያልቃል። ልጁን አባትም አያትም ይዞ መሄድ ይችላል።

ሁለቱ ካርዶች ሲኖሩ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የዊክ ቀሪ በወሩ መጨረሻ ይቃጠላል፣ የፉድ ስታምፕ ግን ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። መጀመሪያ ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ምስሩን በዊክ ግዙ፤ ጤፍ፣ ሥጋ፣ ዘይትና ሽንኩርት ለፉድ ስታምፕ ይቆዩ። ካሸር ላይ ዊክ አልቀበል የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የእሽጉ መጠን ወይም ብራንዱ ሳይገጥም ሲቀር ስለሆነ፣ ስቴታችሁ የዊክ አፕ ካለው ባርኮዱን መደርደሪያው ጋ ስካን አድርጉ። ኢቢቲ (የፉድ ስታምፕ ካርድ) የሚቀበል የሐበሻ ሱቅ ውስጥ እንጀራና በርበሬ በፉድ ስታምፕ ይገዛል፤ ትኩስ ወጥ፣ ሳሙና፣ ዳይፐር አይገዛም።

የገበሬ ገበያ ከሄዳችሁ በቅድሚያ መረጃ ድንኳኑ ጋ ካርዱን አስነኩ። በብዙ ቦታ ለአትክልት የምታወጡትን ብር እስከ ተወሰነ መጠን እጥፍ ያደርጉታል። ፉድ ስታምፕ ያለው ተማሪ ትምህርት ቤት ምሳው ነጻ ነው፤ ስሙ በራሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ካልተላለፈ ለቢሮው ንገሩ።

የካርድ ስርቆት በዝቷል፣ ለተሰረቀ ገንዘብ የሚከፈለው የፌዴራል ካሳም በታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ቆሟል። ገንዘቡ ከሚገባበት ቀን በፊት ፒኑን ቀይሩ፣ የኢቢቲ አፑ የሚፈቅድ ከሆነም ካርዱን ቆልፉትና ካሸር ላይ ስትደርሱ ብቻ ክፈቱት።