የድርጅትዎን ስም ኢንተርኔት ላይ ሌላ ሳይቀድምዎ እንዴት ያስመዘግባሉ?

እነ ካኖንና ቢኤምደብሊው በዶት ኮም አልረኩም። ከነጥቡ ቀጥሎ የሚመጣውን ራሱን በስማቸው አስመዝግበው «ዶት ካኖን»፣ «ዶት ቢኤምደብሊው» አሰኝተውታል። ማመልከቻው ብቻ እ.ኤ.አ. በ2012 185,000 ዶላር ነበር፤ ለ2026ቱ ዙር 227,000 ገብቷል። ጎንደር ፒያሳ ላይ ሆቴል ወይም አስጎብኚ ድርጅት ያለው ሰው እዚያ ውስጥ ምን አገባው? ስምን በትንሽ ብር ማስከበር ይቻላል።

መጀመሪያ የንግድ ምልክትዎን ያስመዝግቡ። ንግድ ፈቃድ አለኝ ብሎ መቀመጥ አያዋጣም፤ የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ለየቅል ናቸው። ምልክቱን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ጥበቃው 7 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይታደሳል።

ቀጥሎ ዶሜይን፣ ማለትም የዌብሳይትዎን አድራሻ፣ መግዛት ነው። ጎንደርን በላቲን ፊደል አንዱ Gondar፣ ሌላው Gonder ብሎ ይጽፈዋል። ስምዎ ውስጥ ካለ ሁለቱንም ይያዙ። ዶት ኮምና የኢትዮጵያው ዶት ኢቲ ይበቃሉ። ሻጩ «ይሄም ይጨመር» እያለ የሚደረድርልዎትን ሁሉ መግዛት ግን ብር መበተን ነው።

አሁን ዋናው ጣጣ፦ ዶሜይኑ በማን ስም ነው የሚመዘገበው? እኛ ሰፈር አብዛኛው ሰው ዌብሳይቱን ለሚሠራው ልጅ «አንተው ጨርሰው» ይለዋል። ልጁም በራሱ ኢሜይል ይመዘግበዋል፣ በራሱ ካርድ ይከፍላል። ክፋት የለውም፣ ይቀለዋል። አንድ የማውቀው እንግዳ ማረፊያ ግን ልጁ አዲስ አበባ ገብቶ ስልክ ቀየረ። የእድሳት ማስጠንቀቂያው ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ሲከማች ከረመ። ባለቤቱ የነቁት ጥምቀት ሲቃረብ፣ ቦታ የሚይዝ እንግዳ ሲጠፋ ነው። ዶት ኮም ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ በኋላ ባለቤቱ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለው፤ ክፍያው ግን ከመደበኛው እድሳት ይወደዳል። እሱም ካለፈ በ5 ቀን ውስጥ ይለቀቅና የቀደመ ይወስደዋል።

ስለዚህ ባለቤት በሚለው ቦታ የድርጅቱ ስም ይግባ። ኢሜይሉም የድርጅቱ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉ እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ልጁ ቅር ካለው ሌላ ልጅ ይፈልጉ።

ዶት ኮሙን ሌላ ሰው ቀድሞዎት ከሆነስ? ለዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ማመልከት ይቻላል። ሦስት ነገር ያስረዳሉ፦ ስሙ ከምልክትዎ ጋር እንደሚመሳሰል፣ ሰውየው በስሙ ላይ መብት እንደሌለው፣ በክፉ ልቦና አስመዝግቦ እየተጠቀመበት መሆኑን። በአንድ ዳኛ ለሚታይ ጉዳይ ክፍያው እስከ 5 ዶሜይን ድረስ 1,500 ዶላር ነው። ሰውየው ከዚያ በጣም ያነሰ ከጠየቀ ተከራክሮ መግዛት ይሻላል። «ይህን ያህል ካልከፈልክ አልለቅም» ብሎ የጻፈልዎትን መልእክት ግን እንዳያጠፉት፤ ነገሩ ወደ ክስ ከሄደ የክፉ ልቦናው ማስረጃ እሱ ነው።