የህንድን ከሰል በሙቀቱ ደረጃ ማውጣትና ዋጋውን ማስላት

በህንድ የድንጋይ ከሰል የሚጫነው በቶን ነው፤ የቶኑን ዋጋ የሚወስነው ግን ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ነው። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ለኃይል ማመንጫ የሚሆነው ከሰል ከኤ እስከ ጂ በሰባት ደረጃዎች ይከፈል ነበር። ሙቀቱን ለመገመት የአመዱና የእርጥበቱ መቶኛ ተደምሮ በ138 ይባዛና ከ8900 ላይ ይቀነስ ነበር። ያ ግምት እንጂ ልኬት አልነበረም። ከጥር 2012 ጀምሮ በቦምብ ካሎሪሜትር (ከሰሉ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በኦክስጅን ነድዶ ሙቀቱ በሚለካበት መሣሪያ) የሚለካው ጠቅላላ ሙቀት (ጂሲቪ) ተተክቷል።

ደረጃዎቹ 17 ናቸው። ጂ1 በኪሎ ከ7000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ነው፤ ከዚያ በየ300 እየወረደ ጂ17 ላይ ከ2201 እስከ 2500 ይደርሳል። ሰንጠረዡ በእጅዎ ከሌለ የተለካውን ከ7000 ይቀንሱ፣ ለ300 ያካፍሉ፣ ክፍልፋዩን ጥለው 2 ይደምሩ። ለብረት ማቅለጫ የሚሆነው ከሰል ግን በአመዱ ነው የሚመደበው።

ናሙና ሲወስዱ ከፉርጎው አናት ላይ አይዝገኑ። ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ጠርገው፣ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ቦታ ደልድለው ይውሰዱ፤ ላዩ በዝናብ ይርሳል፣ በፀሐይ ይደርቃል። የአጠቃላይ እርጥበት ናሙናው ወዲያውኑ አየር በማያስገባ ዕቃ ይታሸግ። ላቦራቶሪው 212 ማይክሮን ወንፊት ያለፈ 1 ግራም ገደማ ዱቄት በኦክስጅን ያነዳል፤ መሣሪያው አስቀድሞ በቤንዞይክ አሲድ መስተካከል አለበት።

ብዙ ክርክር የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ደረጃው የሚወሰነው በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ60 በመቶ የአየር እርጥበት ውስጥ ቆይቶ የራሱ እርጥበት መለዋወጡን ባቆመ፣ ማለትም ሚዛን በያዘ ከሰል ነው። ላቦራቶሪው 5 በመቶ እርጥበት ባለው ናሙና 4380 አገኘ እንበል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ጂ10 ይላል። የሚዛኑ እርጥበት 8 በመቶ ከሆነ 4380 በ92 ተባዝቶ ለ95 ሲካፈል (ሁለቱም ከ100 ላይ እርጥበቱ ሲቀነስ የሚቀሩት ናቸው) 4242 ይሆናል፤ ትክክለኛው ደረጃ ጂ11 ነው። ፉርጎው ላይ ያለው አጠቃላይ እርጥበት 14 በመቶ ከሆነ ደግሞ 4380 በ86 ተባዝቶ ለ95 ሲካፈል 3965 ይወጣል፣ ጂ12 ይመስላል። ከሰሉ ያው አንድ ነው። ስለዚህ ውጤቱን ከማንበብዎ በፊት በየትኛው እርጥበት ላይ እንደተሰላ ይጠይቁ።

ልዩነቱ በገንዘብ ምን ያህል ነው? የመንግሥት የከሰል ኩባንያ በሆነው በኮል ኢንዲያ የጥር 2018 የዋጋ ዝርዝር ለኃይል ማመንጫዎች ጂ10 1024፣ ጂ11 955፣ ጂ12 886 ሩፒ በቶን ነበር። አንድ ደረጃ 69 ሩፒ ነው፤ 4000 ቶን በሚጭን ባቡር 276,000 ሩፒ። ዝርዝሩ ይከለሳልና ውል ሲፈርሙ በሥራ ላይ ያለውን ይያዙ። በመነሻ ዋጋው ላይ 14 በመቶ የማዕድን ሮያሊቲ (ለመንግሥት የሚከፈል የማውጫ ክፍያ፤ የዌስት ቤንጋል ግዛት የራሱ አሠራር አለው)፣ የመፍጫና የመጫኛ ክፍያ፣ ግብርና የባቡር ኪራይ ይታከላል።

ሁለት ሻጮችን ሲያወዳድሩ ግን ወደ ደረሰው እርጥበት ይመለሱ፤ ምድጃዎ የሚያገኘው ያንን ሙቀት ነው። እደጅዎ ድረስ 2500 ሩፒ የፈጀ ቶን 3965 ከሰጠ፣ 1000 ኪሎ ካሎሪ 63 ፓይሳ (የሩፒ መቶኛ) ገደማ ወጣበት ማለት ነው። የባቡር ኪራይ በክብደት ስለሚከፈል፣ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር አመድ የበዛበት ርካሽ ከሰል እየተወደደ ይሄዳል።

ናሙናው ሲከፈል አንደኛው ድርሻ ታሽጎ ለዳኝነት ይቀመጥ። በውጤቱ ካልተስማሙ በውሉ የጊዜ ገደብ ውስጥ እንዲመረመር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ደረጃው ከተለወጠ ሂሳቡ በዚያው ይስተካከላል።