በዕረፍት ጊዜ ሽመናና ማቅለም ሲማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዕረፍት ቀናቸውን ሽመና ወይም ማቅለም ለመማር የሚመድቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት ገና ከቤታቸው ሳይወጡ ነው። የመጀመሪያው ስህተት በስድስት ቀን ውስጥ ሁሉንም ለመቅመስ መፈለግ ነው። ሰኞ መፍተል፣ ማክሰኞ ማቅለም፣ ረቡዕ ሽመና፣ ሐሙስ ጥልፍ የሚል መርሐ ግብር ሲያነቡት ያጓጓል፤ ይሁን እንጂ እጅ የሚሠለጥነው በመደጋገም ስለሆነ፣ መላመድ በጀመረበት ሰዓት ወደ ሌላ ሥራ የተዛወረ እጅ አንዱንም ይዞ አይመለስም። ለአንድ ሳምንት አንድ ሙያ በቂ ነው።

ሁለተኛው ሳይጠይቁ መመዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ የሽመና ዕቃ መኖሩን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድሩን (በጨርቁ ርዝመት የሚወጠሩትን ክሮች) የሚያደራው ማን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ድሩ ተደርቶ፣ ክሮቹም አንድ በአንድ ተሰክተው ከጠበቁዎት መወርወሪያ መወርወር ብቻ ተምረው ይመለሳሉ። ድር ማድራት አድካሚና አሰልቺ ቢሆንም፣ ሳይማሩት ቢመለሱ ቤትዎ ውስጥ አንድ ክንድ ጨርቅ እንኳ ብቻዎን መጀመር አይችሉም።

በሽመናው ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ስህተት ማጉን (በድሩ መካከል አግድም የሚያልፈውን ክር) መወጠር ነው። ማግ በእያንዳንዱ የድር ክር ላይና ሥር እየተጥመለመለ ስለሚያልፍ ከጨርቁ ስፋት የሚበልጥ ርዝመት ያስፈልገዋል። ቀጥ አድርገው ከሳቡት ግን የጎደለውን ርዝመት የሚያገኘው ሁለቱን ጠርዞች ወደ ውስጥ በመጎተት ነው። የመጀመሪያው ጨርቄ በ40 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ሳላስተውለው 33 ላይ ደርሶ ነበር፤ የነቃሁትም የዳር ክሮች የድሩን ክሮች በሚለያየው ማበጠሪያ እየተፋተጉ መበጠስ ሲጀምሩ ነው። መፍትሔው ማጉን ከመምታትዎ በፊት ሰያፍ አድርጎ ላላ ማለትና በየስንዝሩ ስፋቱን በማስመሪያ መለካት ነው።

ወደ ማቅለም ስንመጣ ስህተቶቹ ይበዛሉ፤ አብዛኞቹም ከችኮላ የሚመጡ ናቸው። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ የተረፈ ስታርችና ቅባት ስላለበት፣ ሳይታጠብ ከተነከረ ቀለሙ ዥንጉርጉር ይሆናል። ቀለም እንዲይዝ የሚረዳው አሉም የሚመዘነው በደረቁ ጨርቅ ክብደት ነው፤ ለሱፍ በተለምዶ ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን፣ በግምት መጨመር ግን ውጤቱን ዳግም እንዳያገኙት ያደርጋል። ኮምጣጤ ሁሉንም ቀለም ያጸናል የሚለው እምነትም ትክክል አይደለም። ኮምጣጤ እንደ ሱፍና ሐር ባሉ ፕሮቲን ነክ ክሮች ላይ ለሚሠሩ የአሲድ ቀለሞች ይጠቅማል፤ ለጥጥ የሚዘጋጁት ሪአክቲቭ የሚባሉ ቀለሞች ግን በተቃራኒው ሶዳ አሽ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነጭ ዱቄት) ይፈልጋሉ። የቀለም ዱቄት ሲመዝኑ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ያቀለሙበትንም ድስት ለምግብ አለመጠቀም ግዴታ ነው።

ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ኢንዲጎ በውኃ አይሟሟም፤ ወደ ክር የሚገባው ኦክስጅን በተቀነሰበት ገንዳ ውስጥ ቅርጹን ሲለውጥ ብቻ ነው። ጨርቁ ከገንዳው ሲወጣ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ይታይና አየር ሲያገኘው ዓይንዎ እያየ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ቅጽበት አልጠገብኩትም። ጀማሪዎች ጠቆር ያለ ሰማያዊ ለማግኘት ጨርቁን ለረጅም ጊዜ ዘፍዝፈው ይተዉታል። ጥልቀት የሚገኘው ግን ለአጭር ጊዜ ነክሮ፣ አውጥቶ አየር አስመትቶ፣ መልሶ በመንከር ነው። ጨርቁን በኃይል ማስገባትና ጠብታውን ከላይ ማንጠባጠብ ደግሞ ወደ ገንዳው አየር ስለሚያስገባ ቀለሙን ያዳክመዋል።

ሌላው ስህተት ያለቀ ዕቃ ይዞ ለመመለስ መጓጓት ነው። ሻርፕ ለመጨረስ የሚጣደፍ ተማሪ ከስህተቱ ለመማር ጊዜ የለውም። በእኔ እምነት ከሻርፑ ይልቅ፣ እያንዳንዳቸው የክሩ ዓይነት፣ የቀለሙ መጠንና የተነከሩበት ደቂቃ የተጻፈባቸው አሥራ ሁለት ቁራጭ ናሙናዎች ይበልጣሉ። ማስታወሻውን ማታ ሳይሆን እዚያው ገንዳው አጠገብ ይጻፉት፤ እስኪመሽ ድረስ ሦስቱ ሰማያዊዎች እርስ በርስ ይምታቱብዎታልና።

በመጨረሻው ቀን ማቅለምም ይቅር። ያልደረቀና ተለቅልቆ ያልጠራ ጨርቅ በሻንጣ ውስጥ ሌላውን ልብስ ያበላሻል። ያንን ቀን ቤትዎ ወስደው የሚቀጥሉበትን ትንሽ የእንጨት ክፈፍ በራስዎ እጅ ድር ለማድራት ያውሉት፤ ሲሳሳቱ የሚያርምዎት መምህር አጠገብዎ አለ።