መብራቱ አያታላችሁ፦ ድሬ ላይ የኮምፒውተር ኬዝ ስትገዙ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብታችሁ የዴስክቶፕ ኬዝ (የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚይዘውን ሳጥን) ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚታያችሁ መብራቱ ነው። ሻጩ ሶኬት ላይ ይሰካዋል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ይፈራረቃል። «አቦ፣ 6 ፋን እኮ ነው ያለው!» ይላችኋል። አልዋሸም፣ 6 ፋን አለው። ፋኖቹ አየሩን ከየት እንደሚስቡት ግን ገዢም አይጠይቅ፣ ሻጭም አይናገር።

አዲስ አበባ ቢሆን አየሩ ራሱ ስህተትን ይሸፍናል። ድሬ ግን ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ደግሞ ንፋሱ አሸዋውን ይዞ ቤት ድረስ ይመጣል። ስለዚህ እኔ ኬዝ የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። አየር እንደልብ ይገባል ወይ? የገባው አቧራስ ሰው ሳያማርር ይወጣል ወይ? መልክ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ መምረጥ

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ይኸው ነው። ከፊት የሚያንጸባርቅ ጥቁር መስታወት፣ ከጀርባው 3 የሚያበሩ ፋኖች። በመስታወቱና በፋኖቹ መሃል ያለው ክፍተት ጣት አያስገባም። አየር የሚገባው በጎን ባሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ብቻ ነው። በርና መስኮት ዘግቶ ቬንትሌተር እንደመክፈት ነው፤ ይሽከረከራል፣ ይጮኻል፣ ያንኑ የሞቀ አየር ያዞራል።

ፋን በራሱ አያቀዘቅዝም። የክፍሉን አየር ያስገባል፣ የሞቀውን ያስወጣል፣ በቃ። ክፍላችሁ 35 ዲግሪ ከሆነ የኬዙ ውስጥ ከ35 በታች አይወርድም። የታፈነው ኬዝ በዚያ ላይ 12 ዲግሪ ጨመረ እንበል። ሐረር ላይ ክፍሉ 24 ቢሆን ውስጡ 36 ይሆናል፤ ማንም ልብ አይለውም። ያው ኬዝ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲገባ 47 ነው። ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ) ደግሞ 95 ወይም 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ልጆች «ጠዋት ይፈጥናል፣ ከሰዓት ይንቀረፈፋል» የሚሉት ማሽን ብዙ ጊዜ ቫይረስ የለበትም። ሞቆት ነው።

የሚሻለው ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ነው። ሱቁ ውስጥ ፋኑ እየዞረ ሳለ የሶፍት ቁራጭ ፊቱ ላይ አስጠጉ። ወንፊቱ ላይ ከተለጠፈ ይስባል። ወደ እናንተ ከተገፋ ፋኑ ተገልብጦ ነው የተገጠመው። ዝም ካለ መንገዱ ታፍኗል። የፋን አቅጣጫ በዓይንም ይታወቃል፤ አየር የሚወጣው ሞተሩን ደግፈው የያዙት ዘንጎች ባሉበት በኩል ነው። ከፊት 2 አስገቢ፣ ከኋላ 1 አስወጪ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። 6 ፋን ለዓይን ነው።

የሚያበሩትን ፋኖች ሶኬትም እዩ። አንዳንዶቹ ከራሳቸው ማከፋፈያ ቦርድ ጋር ብቻ የሚገጥም ባለ 6 ፒን ሶኬት ነው ያላቸው። አንዱ ሲሞት ምትኩን መፈለግ ራስ ምታት ነው። ባለ 3 ወይም ባለ 4 ፒን የሆነ መደበኛ 120 ሚሊሜትር ፋን ከሆነ ግን ከሌላ ማሽን ላይ ፈትታችሁም ትገጥሙታላችሁ።

ፊልተሩን ሳያወጡ መግዛት

ሻጩ «ፊልተር አለው» ሲላችሁ «እስቲ አውጣልኝ» በሉት። ዋናው ፈተና ከስር ያለው፣ ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) አየር የሚስብበት ፊልተር ነው። በአንዳንዱ ኬዝ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ተንሸራቶ ይወጣል። በሌላው ወደ ኋላ ነው የሚወጣው፤ ኬዙን ከግድግዳ ማራቅ፣ ገመዱን ሁሉ መንቀል ሊኖርባችሁ ነው። በርካሾቹ ደግሞ ኬዙ ካልተጋደመ ጭራሽ አይወጣም። በ4 ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች የተያዘ ነው፤ ሁለተኛው እጥበት ላይ አንዷ ቀጭ ትላለች። ለማውጣት የሚያስቸግር ፊልተር አይታጠብም። ያልታጠበ ፊልተር ደግሞ ከጥቂት ወር በኋላ ክዳን ነው።

ፊቱ ወንፊት ሆኖ ከጀርባው ምንም ፊልተር የሌለውም አለ። የወንፊቱ ቀዳዳ ሰፋ ካለ የድሬን ደቃቅ አቧራ አይዝም። በማግኔት የሚለጠፍ ቀጭን የናይለን ፊልተር ካለው ሸጋ ነው። በቧንቧ ውኃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ መመለስ። እዚህ ከተማ ማድረቁ አያሳስብም፤ ሙቀቱ ለአንዴ ይጠቅመናል።

የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት በርከት ቢሉ ይመረጣል። ያኔ የውስጡ አየር በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል። የሚያስወጡት ከበዙ ግን ኬዙ በየቀዳዳው፣ በዩኤስቢው በኩል ሳይቀር፣ ፊልተር ያልነካውን አቧራ ይስባል። ጣሪያው ክፍት የሆነ ኬዝ ደግሞ ማታ ማሽኑ ጠፍቶም አቧራ ይቀበላል። ከላይ ፋን የማትገጥሙ ከሆነ ሽፋን ይኑረው።

አብሮ በመጣ ፓወር ሰፕላይ መደሰት

«ከነፓወር ሰፕላዩ ነው የምሰጥህ» ሲባል ልብ ይሞቃል። ጎኑ ላይ 500 ዋት ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። እናንተ ከስሩ ያለውን ትንሹን ሠንጠረዥ አንብቡ። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚያወጣው ካርድ) በዋናነት የሚመገቡት ከ12 ቮልት መስመሩ ነው። እዚያ ላይ 16 አምፔር ብቻ ካለ፣ 12 ሲባዛ በ16 ያው 192 ዋት ነው። 500ው የት ሄደ? ለጽሕፈትና ለፎቶ ኮፒ ቤት ማሽን 192 ይበቃ ይሆናል። ደህና ግራፊክስ ካርድ ለምታስገቡ ግን ኬዙን ባዶውን ግዙ፤ ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ምረጡ። በክብደቱም ትንሽ ይታወቃል። እፍኝ የማይሞላ ብረት ያለው ቀላል ሳጥን 500 ዋት ነኝ ሲል አትመኑት።

ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ያለበትም አለ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ማብሪያው 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ፍንዳታውን ጎረቤት ይሰማዋል። ሳትሰኩ በፊት እዩት። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ፕላስተር ለጥፉበት።

ሳይለኩ መሄድ

ሜትሮ ይዛችሁ ሂዱ። ማዘርቦርድ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) በመጠን ይለያያል፤ መደበኛው፣ ኤቲኤክስ የሚባለው፣ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው። ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170። ትንሹ ትልቅ ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ ትልቁ ትንሹ ውስጥ አይገባም። ለግራፊክስ ካርድ ተብሎ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ርዝመት አንዳንዴ የፊት ፋን ሳይገጠም የተለካ ነው። ፋኑ 25 ሚሊሜትር ይወስዳል። ወደ ላይ የሚቆሙት ትልልቅ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣዎች ደግሞ 155 ወይም 160 ሚሊሜትር ይደርሳሉ። ጠባብ ኬዝ ላይ ክዳኑ እምቢ ይላል። ክዳኑን ከፍተው የሚጠቀሙ ሞልተዋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፊልተር ማውራት ቀልድ ነው።

ማዘርቦርዱ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ የነሐስ እግሮች ከብሎኖቹ ጋር በላስቲክ መኖራቸውንም ቁጠሩ። ያለቦታዋ የተረሳች አንዲት እግር ቦርዱን ከስር ነክታ ሾርት ታደርገዋለች።

የቢሮ ማሽን ሆድ ዕቃ ወደ አዲስ ኬዝ ማዛወር

ያገለገለ የቢሮ ደል ወይም ኤችፒ ያለው ሰው አንድ ቀን «ቦርዱን አውጥቼ መብራት ያለው ኬዝ ውስጥ ልክተተው» ይላል። ይቅርባችሁ። ደል ኦፕቲፕሌክስ 7020 እና 9020 ለምሳሌ ኃይል የሚወስዱት በተለመደው ባለ 24 ፒን ሶኬት ሳይሆን በ8 ፒን ነው። የማብሪያ ቁልፉ ሽቦም የራሱ ነው። በአስማሚ ሽቦ የሚሞክር አለ፤ ድካሙና ወጪው ግን ከውበቱ ይበልጣል።

በበኩሌ ያ ጥቁር አስቀያሚ ሳጥን ከብዙ መስታወታም ኬዝ በተሻለ ታስቦበታል እላለሁ። አየሩ ከፊት ይገባል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያልፋል፣ ከኋላ ይወጣል። ክዳኑ ብዙ ጊዜ ያለ ካቻቢቴ ይከፈታል። በብሎወር አጽዱትና ተጠቀሙበት።

ላሜራውን በእጅ አለመፈተሽ

የጎኑን ክዳን አውጡና ሁለት ማዕዘኑን ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ቶሎ የሚጣመም ላሜራ ሃርድ ዲስኩ ሲዞር አብሮ ይንጫጫል። የውስጡን ጠርዞች ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። በደንብ የተሠራ ኬዝ ጠርዙ ታጥፎ ነው የሚያልቀው። ያልታጠፈው ገመድ ስትስቡ እጅ ይቆርጣል።

ሌላው እሮሮ «ኬዙ ይነዝራል» የሚለው ነው። ሰው ኬዙን ይራገማል፣ አንዳንዱ ይለውጠዋል። አዲሱም ይነዝራል። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የመስመሩን ረብሻ የሚያጣሩ ካፓሲተሮች አሉ፤ ከኬዙ ብረት ጋር የተያያዙ ናቸው። ኧርዝ (ከሶኬቱ ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ) ካለ በእነሱ የምታልፈው ትንሽ ከረንት ወደ መሬት ትወርዳለች። ኧርዝ ከሌለ ግን ብረቱ የመስመሩን ግማሽ ያህል ቮልት ይዞ ይቀራል። በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ሲነካው እሱው መንገድ ይሆናል። ስለዚህ ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ ሶኬቱን አስፈትሹ እንጂ ኬዝ አትቀይሩ። ንዝረቱ ጠንከር ያለ ከሆነ ሌላ ብልሽት ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ንቀሉት።

ወለሉንና ባጃጁን መርሳት

ሙቀት ለማብረድ ወለል ላይ ውኃ የምትረጩ ከሆነ ኬዙን ጠረጴዛ ላይ አውጡት። መሬት የግድ ከሆነ እግሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ምንጣፍ ላይ ግን በፍጹም። ከፊት ያለው ዩኤስቢ ሲ ማዘርቦርዳችሁ ላይ የሚሰካበት ቦታ ከሌለው ባዶ ቀዳዳ ነው፤ ለሱ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

የጎን መስታወት የግድ ካላችሁ አያያዙን እወቁበት። ፊቱን ቢመቱት ይችላል። ማዕዘኑ ሴራሚክ ከነካ ግን ሙሉው በአንዴ ይረግፋል። ለጽዳት ስትፈቱት ፍራሽ ላይ አጋድሙት። ከታይዋን ገበያ ሳቢያን ሰፈር ድረስ በባጃጅ ስትወስዱት ደግሞ መስታወቱን ፈትታችሁ፣ በካርቶን ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት፤ ኬዙን ባዶውን ከኋላ ጫኑት። ብሎኖቹን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ።