ብርቱካንማ እርሾ፦ ቤታ ካሮቲን የሚያመርት የዳቦ እርሾ በቤተ ሙከራ እንዴት እንደሚሠራ

የቫይታሚን ኤ እጥረት ሲበረታ ዳፍንት ያመጣል፤ ከዚያ በፊት ግን የሕፃናትን በሽታ የመከላከል አቅም ያደክማል። ማንጎ፣ ካሮትና ጎመን የሚረዱት ቤታ ካሮቲን ስላላቸው ነው፤ ሰውነት ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ ይቀይረዋል። የዳቦ እርሾ ቤታ ካሮቲን አይሠራም፤ የሚጎድለው ግን ጥቂት ነው። መነሻ የሚሆኑትን ንጥረ ነገሮች ለራሱ ሽፋን ማበጃ ዘወትር ያመርታልና የቀሩትን ኢንዛይሞች ከሌላ ፈንገስ መስጠት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ቪታ ዪስት» ብለው የሞከሩት ይህንኑ ነው።

ሥራው የኩሽና አይደለም። አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ)፣ ሴንትሪፊውጅ (አሽከርክሮ ማዝቀጫ)፣ ፒሲአር (ዲኤንኤ ማባዣ) እና ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ መለኪያ) ያለው ቤተ ሙከራ ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፈቃድ፦ በዘረመል የተለወጠ ሕዋስ በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው 896/2007 ይገዛል። ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት ይጨርሱት።

1. እርሾውንና ዘረመሎቹን መምረጥ

ዩራሲል (የአርኤንኤ መሥሪያ ንጥረ ነገር) የመሥራት አቅሙ የጠፋበት የቤተ ሙከራ እርሾ ይያዙ፤ ቢዋይ4741 የሚባለው ዝርያ ጥሩ ነው። ዩራሲል የሚሠራውን ዘረመል ከሌሎቹ ጋር አብረው ስለሚያስገቡ ዩራሲል በሌለው ምግብ ላይ የሚያድገው ዲኤንኤው የገባበት እርሾ ብቻ ይሆናል። ደብሊው303 የሚባለውን ለዚህ ሥራ አልመክርም። አዴኒን (የዲኤንኤ መሥሪያ ንጥረ ነገር) የሚሠራበት ዘረመሉ ስለተበላሸ ምግቡ ላይ አዴኒን ሲያልቅበት ራሱ ሮዝ ይሆናል፤ ጀማሪ ደግሞ ያንን ቀለም ካሮቲን ብሎ ይደሰትበታል።

ለካሮቲን የሚገቡት ዘረመሎች ሦስት ናቸው፦ ሲአርቲ-ኢ፣ ሲአርቲ-ዋይቢ እና ሲአርቲ-አይ። ሦስቱም ዛንቶፊሎማይሲስ ከተባለው ቀይ ፈንገስ የተገኙ ሲሆኑ ርዝመታቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው 1,100፣ 2,000 እና 1,750 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ገደማ ነው። አቅም ካለ አራተኛ ይጨምሩ፤ የእርሾው የራሱ ኤችኤምጂ1 የተባለ ዘረመል ተቆርጦ ሲገባ የመነሻው ንጥረ ነገር ፍሰት ይጨምራል። ዲኤንኤው ደርቆ ስለሚላክ በመንገድ ቢቆይም አይጎዳም። ኢንዛይም ግን ያለ በረዶ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ድረስ ከተንከራተተ ለገንዘቡ ማዘን ብቻ ነው የሚተርፈው።

ለእያንዳንዱ ዘረመል የተለያየ ፕሮሞተር (ዘረመሉን የሚያስነሳ የዲኤንኤ ክፍል) እና የተለያየ ተርሚኔተር (ንባቡን የሚያቆም ክፍል) ይስጡ፤ ለፕሮሞተር ለምሳሌ ቲዲኤች3፣ ቲኢኤፍ1 እና ፒጂኬ1። ብዙ ሰው ለጊዜና ለገንዘብ ብሎ አንዱን ፕሮሞተር ለሦስቱም ይደግማል፤ የሚጠፋውም በዚህ ነው። እርሾ ተመሳሳይ ቅደም ተከተሎችን አገናኝቶ መሃላቸው ያለውን ቆርጦ በመጣል የተካነ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ብርቱካንማ የነበረው ሁሉ ከብዙ ትውልድ በኋላ ነጭ በነጭ ይሆናል፤ ካሮቲን የማይሠራው ሕዋስ ሸክም ስለሌለበት ፈጥኖ ይባዛልና። በፕላዝሚድ (ከክሮሞዞም ውጭ በሚኖር ክብ ዲኤንኤ) ከመያዝ ይልቅ ክሮሞዞም ውስጥ ማስገባት የሚሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሚያስገቡት ዲኤንኤ በሁለቱ ጫፍ 500 ቤዝ ያህል ከእርሾው ጋር የሚመሳሰል ክንድ ያኑሩ።

2. ምግቡና አውቶክሌቩ

ያለንባት ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ውኃ የሚፈላውም 94 ዲግሪ ላይ ነው። የአውቶክሌቭ መመሪያ «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» ሲል በባሕር ጠለል ደረጃ እንዳሉ ቆጥሮ ነው። እዚህ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ 118 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጽኑ የባክቴሪያ ስፖሮች ያመልጣሉ፣ ሳህኑም ላይ በሦስተኛው ቀን ባክቴሪያ ይታያል። ማሽንዎ ሙቀት አንብቦ የሚሠራ ከሆነ አይጨነቁ። በግፊት ብቻ የሚሠራውን ግን አምራቹ የሚፈቅደው ወሰን ውስጥ ከሆነ ወደ 18 ፒኤስአይ ከፍ ያድርጉ፤ ካልሆነ ጊዜውን ወደ 30 ደቂቃ ያርዝሙ። የሙቀት መጠቆሚያ ቴፕ ቀለም መቀየሩ ሙቀት መግባቱን እንጂ መምከኑን አያረጋግጥም።

ግሉኮስ ለብቻው ይምከን፤ ከሌላው ጋር ሲቀቀል አርሮ ይጠቁራል። ዩራሲል በሌለው ምግብ 2 በመቶ ኤጋር (ምግቡን የሚያረጋ ዱቄት) ከመጨመርዎ በፊት ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) ወደ 5.8 ያስተካክሉ። አሲድ ከሆነ ኤጋሩ አይረጋም፤ ኤጋር ደግሞ ርካሽ አይደለም።

3. ዲኤንኤውን ማስገባት

እርሾውን ማታ ዋይፒዲ በሚባለው ሁሉን የያዘ የእርሾ ምግብ ያሳድጉ፤ ጠዋት በሚሊ ሊትር 5 ሚሊዮን ሕዋስ እንዲሆን በ50 ሚሊ ሊትር አዲስ ምግብ ያቅጥኑ። በ30 ዲግሪ እያወዛወዙ 4 ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ 20 ሚሊዮን ሲደርስ ለአሥር ሙከራ ይበቃል። በውኃ አጥበው ያከፋፍሉ።

በእያንዳንዱ ቱቦ የሚገባው ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይህ ነው፦ 50 በመቶ ፔግ 3350 (ፖሊኢትሊን ግላይኮል) የተባለው ፈሳሽ 240 ማይክሮ ሊትር፣ 1 ሞላር ሊቲየም አሲቴት 36 ማይክሮ ሊትር፣ በሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም የሆነ አጃቢ ዲኤንኤ (የእርስዎ ዲኤንኤ እንዲገባ የሚያግዝ ሌላ ዲኤንኤ) 50 ማይክሮ ሊትር፣ በመጨረሻም የእርስዎ ዲኤንኤና ውኃ በድምሩ 34 ማይክሮ ሊትር። ፔጉ የሚቀድመው ሕዋሱን ከተጠናከረው ሊቲየም እንዲጋርደው ነው። ድምሩ 360 ሲሆን በደንብ አዋህደው 42 ዲግሪ ላይ ለ40 ደቂቃ ያስቀምጡ።

እዚህ ደረጃ ላይ ሰው የሚሸነፈው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ፔጉ ነው፤ ጠርሙሱ በደንብ ካልተከደነ ውኃው ተኖ ይወፍራል፤ ሲበጠበጥ ልኩ ካልተጠበቀ ደግሞ ይቀጥናል። በሁለቱም የሚያድገው ኮሎኒ (ሳህን ላይ የሚታይ የሕዋስ ክምር) እጅግ ያንሳል፤ በትንሽ ጠርሙሶች ከፋፍሎ መዝጋት ይሻላል። ሁለተኛው አጃቢው ዲኤንኤ ነው፤ ሁለቱ ሰንሰለቶቹ ተለያይተው ካልቀረቡ አይሠራም። ለ5 ደቂቃ በፈላ ውኃ የሚለው መመሪያ እዚህ 94 ዲግሪ ማለት ነውና የፒሲአር ማሽኑን 99 ዲግሪ ላይ አድርገው 5 ደቂቃ ቢያቆዩት ይመረጣል። ከዚያ ወዲያው በረዶ ላይ።

ዩራሲል የሌለው ሳህን ላይ ይዝሩና 30 ዲግሪ ያስቀምጡ። ኮሎኒ በ3 ቀን ይወጣል፤ ቀለሙ ግን ከዚያ በኋላም ይደምቃልና ቸኩለው «አልሠራም» አይበሉ።

4. ብርቱካንማ ሁሉ የእርስዎ አይደለም

ሮዶቶሩላ የሚባል የዱር እርሾ በአየር፣ በቧንቧ ውኃና በሐይቅ ውኃ አለ። የራሱ ካሮቲን ስላለው ያለ ማንም እርዳታ ሮዝ ብርቱካንማ ነው፤ ዩራሲልም ራሱ ስለሚሠራ በመምረጫ ሳህንዎ ላይ እንደ ልቡ ያድጋል። ስለዚህ ዲኤንኤ ያልገባበትን እርሾ በሌላ ሳህን መዝራት ግዴታ ነው። እሱም ላይ ብርቱካንማ ከታየ ብክለት ነው። የሮዶቶሩላ ኮሎኒ ብዙ ጊዜ ሙልጭልጭ ይላል፤ በዩሪያ ምግብ ላይ ሲዘራም ወደ ደማቅ ሮዝ ይቀይረዋል፣ የዳቦ እርሾ ግን አይቀይረውም። ሦስቱም ዘረመሎች መግባታቸውን በፒሲአር አረጋግጡ።

ቀለሙ ራሱ ይናገራል። ፒሲአሩ ደህና ሆኖ ኮሎኒው ነጭ ከሆነ ሲአርቲ-አይ ደክሞ ፋይቶኢን የተባለው ቀለም የሌለው መነሻ ውሁድ ተጠራቅሞ ይሆናል። ወደ ቀይ ካደላ ሲአርቲ-ዋይቢ ኋላ ቀርቶ ወደ ቤታ ካሮቲን ያልተለወጠ ቀይ ሊኮፒን ቀርቷል።

ጽናቱን ለመፈተሽ ያለ መምረጫ በዋይፒዲ ያሳድጉ፤ በየጊዜው 1 ለ1,000 እያቀጠኑ አምስት ጊዜ ያሸጋግሩ፤ ይህ 50 ትውልድ ገደማ ነው። ከዚያ ነጮቹን ይቁጠሩ። ጥሩውን በ25 በመቶ ግሊሰሮል አድርገው በ80 ዲግሪ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች፣ በሁለት ሕንፃ ያኑሩ፤ መብራት ሲጠፋ አንዱ ይተርፋል።

5. መለካት

ካሮቲን ብርሃንና ኦክስጅን ይፈራል፤ ቱቦውን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለው ከመስኮት ያርቁ። የደረቀ ክብደቱ የታወቀ የእርሾ ዝቃጭ ከብርጭቆ ዶቃ ጋር በአሴቶን እየደቆሱ፣ ዝቃጩ ነጭ እስኪሆን ያጥቡ፤ ቀለሙን ወደ ፔትሮሊየም ኢተር አሻግረው በስፔክትሮፎቶሜትር በ450 ናኖሜትር ያንብቡ። ንባቡ 1.0 ከሆነ በሚሊ ሊትር 3.86 ማይክሮ ግራም ማለት ነው። ያልተለወጠውን እርሾ ንባብ መቀነስ አይርሱ።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ሕፃን በቀን 300 ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ኤ ይፈልጋል፤ ከምግብ የሚገኝ ቤታ ካሮቲን 12ቱ እንደ አንድ ስለሚቆጠር 3.6 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። እርሾዎ በግራም 1 ሚሊ ግራም ቢይዝ 3.6 ግራም ደረቅ እርሾ ነው። ለ100 ግራም ዱቄት ደግሞ የሚገባው እርሾ 1 ግራም ገደማ ነው፤ ሊጥ ውስጥም ብዙ አይባዛም። ስለዚህ ዳቦ ብቻ፣ በምድጃ የሚጠፋውንም ሳይቆጥሩ፣ ሕፃኑን አያጠግብም። እ.ኤ.አ. በ2007 በሕትመት የወጣው 5.9 ሚሊ ግራም በግራም ላይ ከተደረሰ ግን 0.6 ግራም ይበቃል። በእኔ ግምት የሚያዋጣው እርሾውን ለብቻው አሳድጎ፣ በሙቀት ገድሎና አድርቆ፣ የምግብ ደኅንነት ፈቃድ ሲገኝ ወደ አጥሚት ወይም ገንፎ የሚጨመር ዱቄት ማድረግ ነው።

ወደ እንጀራ ሊጥ ግን በሕይወት ያለውን አይክተቱት። እርሾ ከጎረቤት ጎረቤት የሚዋዋሱት ነገር ነውና አንዴ ከወጣ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። የተረፈውን ፈሳሽም ወደ ቧንቧ፣ ወደ ጣና አይልቀቁት፤ አውቶክሌቭ ያድርጉት ወይም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ፈሳሽ ቀላቅለው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። አሴቶንና ኢተር የነካውን ግን አውቶክሌቭ ውስጥ አያስገቡት፣ ይቀጣጠላል፤ በረኪናም አይጨምሩበት፤ ለብቻው በተከደነ የኬሚካል ዕቃ ይጠራቀም።