ለቀሚስ ያማረ ጨርቅ ለሶፋ ሲመረጥ፦ በጅማ እንግዳ መቀበያዎች ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ቬርሳቼ እ.ኤ.አ. በ1992፣ አርማኒ ደግሞ በ2000 የቤት ዕቃ ይዘው ብቅ ካሉ ወዲህ የፋሽን ቤቶች ጨርቅና ስፌት ወደ ሆቴል አዳራሽ ገብቷል። ጅማ ላይ ሆቴል የሚከፍት ሰው ይህን መልክ ቢመኝ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ቶሎ ሲበላሽ ነው።

ብዙ የሚያከስረው ስህተት ጨርቅን በመልኩ ብቻ መግዛት ነው። የምሽት ቀሚስ አልፎ አልፎ ይለበሳል፤ የመቀበያ ሶፋ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይቀመጥበታል። ስለዚህ ሻጩን የማርቲንዴል ቁጥሩን ይጠይቁ። ይህ ጨርቁ ሳይበላ ምን ያህል መፈተግ እንደሚችል የሚለካበት ነው፤ ሰው ለሚበዛበት ቦታ በተለምዶ 30,000 እና ከዚያ በላይ ይመከራል። ከፋይ (ቬልቬት) ጨርቅ ከወደዱ ለመቀመጫው የፖሊስተሩን ይምረጡ፤ ሐሩ ለትራስ ይሁን። ሲሰፋም የሁሉም ቁራጭ ፀጉር ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት፤ አለበለዚያ አንዱ ሶፋ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ይመስላል።

ሁለተኛው የጅማን እርጥበት መርሳት ነው። የውድ እጅ ቦርሳ አስመስለው በአልማዝ ቅርጽ የሚሰፉት ሶፋዎች አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ቆዳ ናቸው። ከእነዚህ ርካሹ፣ ፖሊዩሬቴን የሚባለው፣ በእርጥበት ውስጡ ይፈርሳል፤ መላላጥ ከጀመረ እንደ አዲስ ከማልበስ በቀር መፍትሔ የለውም። አቅም ካለ እውነተኛ ቆዳ፣ ከሌለ ጠንካራ ጨርቅ ይሻላል። በደንብ ያልደረቀ ዋንዛም ከተሠራ በኋላ ይሰነጠቃል፤ ይጣመማል።

ነጭ እብነ በረድ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ቡና ማቅረብም ሌላው ነው። ጅማ ላይ እንግዳ ያለ ቡና አይስተናገድም፤ ድንጋዩ ደግሞ የፈሰሰውን ይመጠዋል። መከላከያ ቅባት ቡናውን ያዘገየዋል እንጂ የሎሚን አሲድ አያስቆመውም፤ ሎሚ የነካው ቦታ ይደበዝዛል። ግራናይት ያድርጉት።

የመቀበያውን ባንኮኒ ከዳር እስከ ዳር ከፍ አድርጎ መሥራትም በተሽከርካሪ ወንበር የመጣውን እንግዳ ያርቃል። አንዱን ጫፍ ዝቅ ያድርጉለት።

ከሁሉም የሚቆረቁረኝ ግን ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ እንደ ጌጥ ጥግ ላይ ማቆም ነው። ለፋሽን መነሻ የሚሆን መስመርና ኩርባ እዚሁ አለ። ሶፋው ከመታዘዙ በፊት የበርጩማውን ጠራቢ ያማክሩ፤ ሊያዙት ያሰቡትን ሶፋ የእጅ መደገፊያ ከፍታ ይስጡትና በዚያው ልክ የጎን ጠረጴዛ ያውጣልዎት።