ግራይንደሩ በጥፊ ካልሆነ አልነሳ ሲል

ብየዳ ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው ይህችን ነገር ሳያይ አይቀርም። ልጁ ግራይንደሩን ይሰካል፤ ማብሪያውን ወደፊት ይገፋል። ጸጥ። ነቅሎ መልሶ ይሰካል። አሁንም ጸጥ። ከዚያ የመዶሻ እጀታ ያነሳና ጎኑን ኳ ያደርገዋል። ማሽኑ ብርርር ብሎ ይነሳል። «ጸባዩ ነው፣ ሳይመቱት አይሠራም» ይላችኋል። ጸባይ አይደለም። ካርቦኑ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ትንሽ ጥቁር ቁራጭ፣ አልቋል።

እኔም አንዱን ግራይንደር ወር ያህል እየመታሁ ሠርቼበታለሁ። መጨረሻ ላይ ጥፊውም አልበጀው ሲል ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሳይፈታው «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ መጠቅለል አለበት» አለኝ፤ የሞተሩ ሽቦ እንደ አዲስ ይጠምጠም ማለቱ ነው። የጠራው ዋጋ አዲስ ለመግዛት ትንሽ ነው የሚቀረው። ተናድጄ ይዤው ተመለስኩና ማታ ቤት ፈታሁት። አንደኛው ካርቦን ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በማግስቱ ሁለት ካርቦን ገዝቼ ከተትኩበት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የቆመ ማሽን ሳይ ካርቦኑን ሳላወጣ ሞቷል አልልም።

ነገሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው አርማቸር ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የትንሹ ግራይንደር ዲስክ በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል፤ ሞተሩ ደግሞ ከዲስኩም ይፈጥናል። እንዲህ ለሚዞር ነገር ሽቦ ማሰር አይቻልም። ስለዚህ አርማቸሩ ጫፍ ላይ ኮሙቴተር የሚባል ከመዳብ ቁርጥራጮች የተሠራ ቀለበት አለ። ሁለት ካርቦኖች ከግራና ከቀኝ በሞላ እየተገፉ እሱ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ኤሌክትሪኩ በእነሱ በኩል ያልፋል። ካርቦኑ ከመዳቡ የለሰለሰው ሆን ተብሎ ነው። እንደ መኪና የፍሬን ሸራ፣ ውዱ ዕቃ እንዳይበላ ርካሹ ይበላል።

ድሪል፣ የእጅ መጋዝ ማሽን፣ ቫኪዩም፣ ብዙው ጁስ መፍጫ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቬንትሌተርና የውኃ ፓምፕ ግን በአብዛኛው ካርቦን የላቸውም፤ ብራሽለስ የሚል የተጻፈበት የባትሪ ድሪልም እንዲሁ። እዚያ ካርቦን ስትፈልጉ እንዳታመሹ።

ጭራሽ አልነሳም ሲል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቦኑ አይደለም። ሶኬቱ ላይ ሌላ ዕቃ ሰክታችሁ ሞክሩ። ቀጥሎ ኬብሉን እዩ፤ በተለይ ከእጀታው የሚወጣበትን ቦታ። ስንጠቀልለውና ስንጎትተው የሚታጠፈው እዚያ ነው፤ ውስጡ ተበጥሶ ውጭው ደህና ይመስላል።

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው ሳይፈታ ማወቅ ይችላል። ማሽኑን ከግድግዳው ንቀሉ። ማብሪያውን አብሩና ሁለቱን የሶኬት እግሮች በኦም ለኩ። የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሌለው ጤነኛ ግራይንደር ጥቂት ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ዲስኩን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። አንዴ መጥቶ አንዴ ከጠፋ ካርቦኑ ኮሙቴተሩን በቅጡ አይነካም። ስታዞሩም ምንም ከሌለ ብዙ ጊዜ ኬብሉ፣ ማብሪያው ወይም ጭራሽ ያለቀ ካርቦን ነው።

አንዳንድ ካርቦን ደግሞ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ሞላና የማይመራ ጫፍ ያለው ፒን አለው። ካርቦኑ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ፒኑ ብቅ ብሎ ከኮሙቴተሩ ያርቀዋል። ትናንት ማታ ደህና ሲሠራ ያመሸ ማሽን ዛሬ ጠዋት ድርቅ የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው። ሞተሩን ከመበላሸት ያድነዋል እንጂ ብልሽት አይደለም።

ይነሳል፣ ግን ይቆራረጣል

ይህ የካርቦን ዋና ምልክት ነው። ሲነሳ ይንገታገታል፤ ጫን ሲሉት ጉልበት ያጣል፤ አዘንብለው ሲይዙት ይቆምና ቀና ሲያደርጉት ይነሳል። ካርቦኑ አጥሮ ሞላው በቂ ጉልበት አጥቷል፣ ወይም ካርቦኑ ቤቱ (የሚቀመጥበት ማቀፊያ) ውስጥ ተጣብቋል። ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል። የብረት ብናኝና የካርቦን ዱቄት ቤቱ ውስጥ ይጠቀጠቅና ገና ግማሽ ዕድሜ ያለውን ካርቦን አላንቀሳቅስም ይለዋል። እሱን መግዛት ሳይሆን ማጽዳት ነው።

ፈትቶ ማየት

ሶኬቱን ንቀሉና ዓይናችሁ እያየው ፊት ለፊት አስቀምጡት። ነቅያለሁ ብሎ ያልነቀለ ሰው አውቃለሁ፤ ጣቱ ተርፏል፣ ግን ከዚያ በኋላ ለወር ያህል ሳቅንበት።

ማሽኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው የካርቦኑ ክዳን ከውጭ በግራና በቀኝ ይታያል፤ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይፈታል። ክዳኑን በአውራ ጣት ደግፋችሁ ፍቱት፤ ከሥሩ የተጨመቀ ሞላ ስላለ ተስፈንጥሮ ከቆርቆሮ ቁርጥራጭ መሀል ይገባል፤ ሞላ መፈለግ ደግሞ ሥራ ያስፈታል። በሌላኛው የኋላውን ሽፋን በአንድ ወይም በሁለት ብሎን ፈትታችሁ ወደኋላ ትስባላችሁ። ካርቦኑን የሚጫነው ሞላ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ነው። ጫፉን በቀጭን ካቻቢቴ ወይም በታጠፈ ሽቦ ከፍ አድርጋችሁ ጎን ላይ አሳርፉትና ካርቦኑን ከነሽቦው አውጡ። ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ሽቦው በየት በኩል እንዳለፈ ኋላ አይታወሳችሁም።

አሁን በማስመሪያ ለኩ። ብዙ ካርቦን ጎኑ ላይ የወሰን መስመር ተጭሮበታል፤ እሱ ጋ ከደረሰ ያበቃለታል። መስመር ከሌለው ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ሲቀረው እለውጣለሁ። አንዱ አልቆ ሌላው ቢተርፍም ሁለቱንም። ካርቦኑ ገና ብዙ ቀርቶት ጎኑ ከተሰነጠረ ወይም የተጎነጎነው የመዳብ ሽቦ ከላዩ ከተነቀለም ቀይሩ። ያ ሽቦ ሲበጠስ ኤሌክትሪኩ በሞላው በኩል ማለፍ ይጀምራል። ሞላው ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ጉልበቱ ይሞታል። አዲስ ካርቦን ገብቶበትም የሚቆራረጥ ማሽን ስታዩ ሞላውን በጣታችሁ ጫን ብላችሁ ከማዶኛው ጋር አስተያዩት።

ካርቦኑ ከወጣ በኋላ ባዶውን ቤት በባትሪ አብርታችሁ ኮሙቴተሩን እዩ። ትልቁ ወሬ ያለው እዚያ ነው። ቀለሙ ቡናማ፣ ለስላሳና አንድ ዓይነት ከሆነ ጤነኛ ነው። አዲስ መዳብ ካልመሰለ ብላችሁ አትፈትጉት፤ ያ ቡናማ ሽፋን እንዲንሸራተት የሚያደርገው ነው። ጠቁሮ ሻካራ ከሆነ በደቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጉት፤ ከዚያ በመዳቦቹ መሀል ያለውን ክፍተት በቀጭን የእንጨት ስንጥር ጥረጉ። የካርቦን ዱቄት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እዚያ ከተሞላ መዳቦቹን ያገናኛቸዋል። ጥፍራችሁን ስትስቡበት የሚያደናቅፍ ቦይ ካለው ግን ወረቀት አይበቃውም፤ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚላጭ ማሽን) ላይ መላጨት አለበት። አንድ ሁለት መዳቦች ብቻ ተቃጥለው ከሌሎቹ ከተለዩ ጥቅልሉ ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ አለ፤ ካርቦን አያድነውም።

ትክክለኛውን ማግኘት

መርካቶ ስትሄዱ የማሽኑን ስም ሳይሆን አሮጌውን ካርቦን ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ውፍረቱና ስፋቱ ልክ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ 5 በ8 ሚሊሜትር ከሆነ 5 በ8። ርዝመቱ ትንሽ ቢለያይ ግድ የለም። ሽቦው ከየት እንደሚወጣና ጫፉ ላይ ያለችው ብረት አንድ ዓይነት መሆናቸውንም እዩ።

ልኩ ከጠፋ ትንሽ የወፈረ ገዝታችሁ ማሳነስ ትችላላችሁ። ብርጭቆ ወረቀቱን መስታወት ላይ ዘርጉና ካርቦኑን በጠፍጣፋው በስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሳባችሁ ፈትጉ። ሁለት ሦስት ጊዜ በሳባችሁ ቁጥር ቤቱ ውስጥ ሞክሩት። በራሱ ክብደት ሸርተት ብሎ ከወረደ በቃ። የቀጠነ ግን አትግዙ። ቤቱ ውስጥ እየተንገጫገጨ ጫፉ ይሰባበራል፣ መዳቡንም ያቃጥላል።

ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣውን ጥቁር ዘንግ ሞርደው የሚከቱም አሉ። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ በኔ ማሽን ግን አላደርገውም። የተጎነጎነ ሽቦ የለውም፣ ለዚህም ሥራ አልተሠራም። የዛሬን ሥራ ሊያስጨርሳችሁ ይችላል፤ ቀጥሎ የምትከፍሉት ግን ለአርማቸር ነው።

እሳት ሲተፋ

በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ሰማያዊ ትንንሽ ብልጭታ ካርቦኑ ጫፍ ላይ ብቻ ቢታይ የተለመደ ነው፤ አትደንግጡ። አዲስ ካርቦን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ትንሽ በዛ አድርጎ ይፈነጥቃል፤ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ኮሙቴተሩ ክብ ስለሆነ ገና አልተስማሙም። ቦታ ካላችሁ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ሻካራውን ወደ ካርቦኑ አድርጋችሁ ኮሙቴተሩ ላይ ጠምጥሙና አርማቸሩን በእጅ ወዲያ ወዲህ አዙሩት፤ ፊቱ ክብነቱን ይይዛል። ዱቄቱን አራግፋችሁ ገጥማችሁ ያለ ሥራ አምስት አሥር ደቂቃ ይዙር። ለዚህ ጥቁሩን የብረት ሸራ ወረቀት አትጠቀሙ፤ ቅንጣቱ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። አሮጌውን ካርቦን አጽድታችሁ የምትመልሱ ከሆነ ደግሞ በነበረበት ቤትና በነበረበት ፊት መልሱት፤ ከገለበጣችሁት ክብነቱ ይፈርሳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ብልጭታው ቀይ ብርቱካንማ ሆኖ ኮሙቴተሩን ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከከበበ አጥፉት። አርማቸሩ ውስጥ ሽቦ ተገናኝቷል ወይም ተበጥሷል። በቴስተር ጎን ለጎን ያሉትን መዳቦች በተራ ለኩ፤ ሁሉም ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት አለባቸው። አንዱ በሰፊው ከተለየ፣ ወይም ከመዳቡ ወደ መሀሉ ዘንግ ኤሌክትሪክ ካለፈ፣ ያኔ ጠጋኙ «ይጠቀለል» ቢላችሁ እውነቱን ነው። አርማቸሩ ደህና ሆኖ አሁንም ከፈነጠቀ ዘንጉን ይዞ የሚያዞረውን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ዘንጉን በጣታችሁ ወዝወዝ አድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ ኮሙቴተሩ ሲዞር ካርቦኑን እያነጠረው ነው።

ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ

ካርቦን በየወሩ የምትለውጡ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ አያያዙ ላይ ነው። ግራይንደሩ ገና እየዞረ መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ከኋላው አየር ስለሚስብ ወለሉ ላይ ያለውን የብረት ብናኝ በሙሉ ይጠጣዋል። ረጅምና ቀጭን ኤክስቴንሽንም መብራቱ ደካማ በሆነበት ሰፈር ያደክመዋል፤ ዲስኩ ሲዘገይ ሰው ይበልጥ ይጫነዋል፣ ማቀዝቀዣው ክንፍም አብሮ ይዘገያል፣ ሁሉም ይግላል። ሥራ ስትጨርሱ ያለ ጭነት ግማሽ ደቂቃ ይዙር፤ ይቀዘቅዛል።

አዲስ ግራይንደር የገዛችሁ ደግሞ ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት ታችውን ዳብሱ። ብዙ ጊዜ በትንሽዬ ላስቲክ የታሰሩ ሁለት መለዋወጫ ካርቦኖች እዚያ ይኖራሉ። የኔዎቹ ከካርቶኑ ጋር ቆሻሻ ሄደዋል።